የኀዘን ዋጋ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳነብ ቁጥር 2081 ደስ ያሰኘኛል። መኪና ሰውን ቢጎዳ፥ ጥፋቱ የተጎጂው ብቻ ካልሆነ በቀር፥ ባለመኪናው ባያጠፋም እንኳ ካሣ እንዲከፍል ያዝዛልና። በጥቅሙ የሚደሰት ጉዳቱንም ይሸከም ማለት የቀና ፍርድ ነው።

ቁጥር 2116 ግን ቅር ያሰኘኛል። ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሣ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በዚያ ዘመን 1000 ብር ብዙ ነገር ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ለለቅሶ ቤት ቡናና ንፍሮ አይበቃም። ብሩ ረከሰ፤ የእናት ኀዘን ግን አልረከሰም። ሕግ አውጪው ይህን ቁጥር ሊያርመው ይገባል።

አንተም ጉዳት ቢደርስብህ፥ በቁጥር 2143 የተወሰነው 2 ዓመት ሳያልፍ መብትህን ጠይቅ። ካሣ ሙት አያስነሣምና፥ መሪ በጨበጥህ ጊዜ ደግሞ ቀስ በል።