የውስጥ ገበታ

ቁንዝላ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚሻገሩ መርከቦች ሲያድሩባት የኖረች የጣና ምዕራባዊ ዳርቻ ከተማ ናት። እዚያ ከአንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከስፌት መኪናው ሥር የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ሳይ ዋልኩ። የቺት ጠርዝ፣ ከዩኒፎርም የተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ከቀሚስ ጫፍ የተቆረጠች ጣት የማትሞላ ጥለት። አንዲት እናት ማዳበሪያ ይዘው መጥተው ይለቅሙ ጀመር። ያገኙትን ሁሉ አይወስዱም፤ እያንዳንዱን ወደ ብርሃን አንሥተው ያዩታል፣ በሁለት ጣት ሳብ ያደርጉታል፣ የላላውን ይመልሱታል።

«እትዬ፣ ይህችስ አላነሰችም?» አልኳቸው ጥለቷን አይቼ።

«ስላነሰች ነው እንጂ ልጄ፤ ጥግ የምትሞላ ቸግራኝ ነበር።»

ሊሠሩ ያሰቡት መደብ ላይ የሚነጠፍ ድሪቶ ነው። ድሪቶ የድህነት ስም ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል። እኚህ ሴት የጀመሩትን አምጥተው ሲያሳዩኝ ወፍራሙ ጨርቅ መሐል ላይ፣ ገላ በሚያርፍበት ቦታ ድርብ ሆኖ ገብቷል። ጥለቶቹ አንድ ቦታ አልተከማቹም፤ በነጩ መካከል ራቅ ራቅ ብለው ተጥለው ዓይንን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይወስዱታል። መርፌዋ ገብታ ስትወጣ የምትተወው ርቀት ከስንዴ ቅንጣት አይበልጥም፤ ከዳር እስከ ዳርም አይለዋወጥም።

ያን ሳይ የብራና መጻሕፍት ትዝ አሉኝ። ጣና የነሱ አገር ነው፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስን የመሰሉ የደሴት ገዳማት ለዘመናት ጠብቀዋቸዋል። መጽሐፍ ሲደጎስ የእንጨት ገበታው ቆዳ ይለብሳል፤ ቆዳው በጠርዙ ዞሮ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ይለጠፋል። በታጠፈው ቆዳ መካከል፣ በውስጠኛው የገበታ ፊት ላይ፣ መስኮት የመሰለ አራት ማዕዘን እንጨት ባዶውን ይቀራል። ደጓሹ ይህን ባዶ በጨርቅ ይሞላዋል። በውጩ ቆዳ ላይ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ አትሟል፤ እሱን ሁሉም ያየዋል። የውስጡን የሚያየው መጽሐፉን የገለጠ ብቻ ነው። እኔ ግን የደጓሹን ዓይን የምለካው በዚህች በውስጧ ጨርቅ ነው።

በውስጠኛው ገበታ ላይ ከሚገኙት ጨርቆች ሐሩ፣ ከፋዩና የህንዱ ቺት ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት የታሪክ ምሁር ማይክል ጀርቨርስ፣ ፖርቹጋሎች በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን ስላስገቧቸው ውድ ጨርቆችና በሥነ ጥበባችን ላይ ስላሳደሩት ተጽዕኖ ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ጨርቅ ብጫቂውም አይጣልም። ብዙ ጊዜ ገበታው ላይ ያለው ቁራጭ ከሌላ ነገር የተረፈ መሆኑን ራሱ ይናገራል፤ አበባው መሐል ለመሐል ተቆርጧል፣ ወይም የፊተኛው ገበታ ጨርቅ ከኋለኛው ጋር አይገጥምም። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘርፎ ከወሰዳቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ አሉ፤ በገበታዎቻቸው ውስጥ እንዲህ ያሉ ጨርቆች ይገኛሉ። ስለ መጻሕፍቱ መመለስ ስንነጋገር እነዚህን ብጫቂዎችም አብረን ብናስታውሳቸው እወዳለሁ።

ብራናው ራሱ ስፌት ያውቃል። ቆዳው ተወጥሮ ሲፋቅ አንዳንዴ ይሳሳና ይቀደዳል፤ ፋቂው ቀዳዳውን በቀጭን ጅማት ይሰፋዋል። ጸሐፊው በኋላ መጥቶ ፊደሉን ከስፌቱ ግራና ቀኝ ያሳልፈዋል፤ ቃሉ ለሁለት ተከፍሎ ይነበባል።

እዚያው ጣና ዳር፣ ዘጌ ላይ አንድ አባት የገለጡልኝን መጽሐፍ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የፊተኛው ገበታ ጨርቅ አረንጓዴ ሐር ነው፤ የእጅ ስፋት በምታህል ቦታ ላይ ሐረግ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። አጎንብሼ ሳየው መሐሉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መጋጠሚያ አገኘሁ። ሁለት ቁራጭ ኖሯል። ደጓሹ የታችኛውን ግንድ ከላይኛው ግንድ ጋር ጫፍ ለጫፍ አገናኝቶታል። ቅጠሎቹን ቆጠርኩ፤ ከመጋጠሚያው በታች ሦስት ሦስት እየሆኑ የወጡት ቅጠሎች፣ ከመጋጠሚያው በላይ አምስት አምስት ሆነው ይቀጥላሉ።