በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ካሣ፤ ከቀራንዮ መጋዘኖች ደጃፍ የታየ ትችት

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት የደነገገውን ክፍል ነው። ዐዋጁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የመተቸት ሐሳብም አቅምም የለንም። የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ዕቃ የሚሸከምና ዕቃ የሚያደርስ ሰው በተሰበረ ጊዜ ሕጉ እስከ የት ድረስ አብሮት እንደሚሄድ፣ ከየትስ ላይ ትቶት እንደሚመለስ ለማየት ነው። ለመመልከቻ የመረጥነው ስፍራ ቀራንዮ ነው። ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ለመርካቶ ቅርብ በመሆኑ እህሉም፣ ሲሚንቶውም፣ ቆርቆሮውም በየመጋዘኑ ይራገፋል፤ የሚያራግፈውም በአብዛኛው የሰው ጀርባ ነው።

መልካሙን አስቀድመን እንናገር። ዐዋጁ፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኀላፊ ነው ይላል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስለን። በ1835 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ፕሪስትሊ የተባለ የአንድ ሥጋ ሻጭ አሽከር፣ ጌታው ያለ ልክ ባስጫነው ጋሪ ሥጋ ሲያደርስ ጋሪው ተሰብሮ ጭኑን ሰበረው። ዳኞች 100 ፓውንድ ቢፈርዱለትም የበላይ ፍርድ ቤቱ አሽከር የሥራውን አደጋ ዐውቆ ነው የሚገባበት በማለት ከለከለው። እንግዲህ የዚህ ሕግ ታሪክ የተጀመረው ዕቃ በሚያደርስ ሰው ስብራት ነው ማለት ይቻላል። ጀርመን በ1884፣ እንግሊዝም በ1897 ጥፋት ሳይፈለግ ካሣ እንዲከፈል እስኪደነግጉ ድረስ የተጎዳ ሠራተኛ ሁሉ ከፕሪስትሊ የተሻለ ዕድል አልነበረውም። በእኛም አገር ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ፣ በ1956፣ በ1968፣ በ1985ና በ1996 ዓ.ም. በወጡት ዐዋጆች አልፎ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ሕጉ እየተደጋገመ ተጽፏል።

ዐዋጁ አሠሪውን ነጻ የሚያወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ጉዳት ሲያደርስ ነው። በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት ትእዛዝ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባትም በዚሁ ስም ተቆጥረዋል። ትእዛዝ የጣሰን ሰው እግሩን ለመስበር አስቦ እንደጣሰ አድርጎ መቁጠር ለእኛ አይዋጥልንም፤ ዳሩ ግን ዋናው ቅሬታችን ይህ አይደለም።

ባለፈው ክረምት ከአንድ የእህል መጋዘን ደጃፍ አንድ ወጣት አነጋገርን። ተደርድሮ የነበረ ጆንያ ተንዶ የግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ሰብሮታል። ወደ ሐኪም ቤት ያደረሱት ባልንጀሮቹ በባጃጅ ነው። ካሣ እንዲጠይቅ አንድ ዘመዱ መክሮት ሲዞር ያገኘውን መልስ እንደ ነገረን እንጽፈዋለን። የመጋዘኑ ባለቤት «እኔ ቤት አከራየሁ እንጂ ሰው አልቀጠርሁም» አሉት። የእህሉ ባለቤት «ዋጋ የተነጋገርሁት ከአለቃችሁ ጋር ነው፣ አንተን አላውቅህም፣ ልጄ» አሉ። አለቃ የተባለውም «እኔም እንዳንተው ተሸካሚ ነኝ፤ ገንዘቡን ተቀብዬ ማካፈል እንጂ ምን አለኝ?» አለው። ሾፌሩ በማግሥቱ ወደ መጣበት አገር ተመልሷል። የእህሉ ባለቤት ለመድኃኒት ጥቂት ብር ስለ ሰጡት ግን ወጣቱ «ጋሼን እግዚአብሔር ይስጣቸው» እያለ ያመሰግናል። እኛን ያሳሰበን ከስብራቱ ይልቅ ይህ ምስጋና ነው። ሕግ የሰጠው መብት ከሆነ የሚመሰገንበት ምክንያት የለም፤ መብቱ ካልሆነ ደግሞ ዐዋጁ ለማን እንደ ተጻፈ መጠየቅ ይገባናል።

ዐዋጁን ገልጠን ስናይ የሥራ ውል ማለት አንድ ሰው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ በአሠሪው መሪነት፣ ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ፣ በደመወዝ ለመሥራት የሚስማማበት ነው። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑም ሠራተኛውን መብት አያሳጣውም። በዚህ በር ተሸካሚው ሊገባ ይችላል። ነገር ግን ያው ዐዋጅ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኀላፊነት በዋጋ የሚሠራን ሰው ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። ነጋዴውም የሚይዘው ይህን ቃል ነው፤ ተሸካሚው ትከሻውን ይዞ የመጣ ነጋዴ ነው ማለቱ ነው። በበኩላችን ይህ አተረጓጎም የተሳሳተ ይመስለናል። ጆንያው የት እንደሚደረደር፣ እስከ ስንት ድርብ ከፍ እንደሚል፣ ሥራው መቼ እንደሚጀመር የሚያዝዘው የእህሉ ባለቤት ነው፤ በወጣቱ ላይ የተናደውም ክምር በወጣቱ ፈቃድ የተከመረ አይደለም። ሆኖም ይህን በፍርድ ቤት የማስረዳት ሸክም የወደቀው በአንድ እግሩ በቆመው ሰው ላይ ነው። ጉዳዩ የተለየ ጊዜ ካልተወሰነለት በቀር የሥራ ክርክር በ1 ዓመት በይርጋ እንደሚታገድም መርሳት አይገባም። አጥንት እስኪገጥም ድረስ የዓመቱ እኩሌታ ያልፋል።

በማኅበር የተደራጁት ጫኝና አውራጆች ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ማኅበርተኛው የማኅበሩ ባለቤት ስለሆነ፣ ነገሩ እስከ መጨረሻው ቢጎተት፣ የተጎዳው ሰው ካሣ የሚጠይቀው ከራሱ ኪስ ይሆናል።

አሠሪ የሌለው ሰው ምን እንደሚያገኝ በዚሁ ክፍለ ከተማ ከታየው የሚበልጥ ምሳሌ የለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከቆሻሻው ውስጥ ብረትና ላስቲክ እየለቀሙ የሚያድሩት ሰዎች በዐዋጁ ቋንቋ የማንም ሠራተኞች አልነበሩም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንለፍ። ወጣቱ ሠራተኛ ነው ተብሎ ቢፈረድለትስ ምን ያገኛል? ዐዋጁ ለጊዜያዊ ጉዳት ለመጀመሪያዎቹ 3 ወሮች ሙሉ ደመወዝ፣ ለተከታዮቹ 3 ወሮች ከመቶ 75 የማያንስ፣ ለቀሩት 6 ወሮች ከመቶ 50 የማያንስ እንዲከፈል ያዝዛል። በወር 6,000 ብር ያገኝ ነበር ብንል በ1 ዓመት ውስጥ 18,000፣ ከዚያ 13,500፣ ከዚያም 18,000፣ በጠቅላላው 49,500 ብር ይደርሰዋል። ጤነኛ ቢሆን ኖሮ 72,000 ብር ያገኝ ነበር። የጡረታ ሕግ የማይሸፍነው ሠራተኛ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ ከሥራ ቢወጣ የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ፣ ማለት 360,000 ብር ይከፈለዋል፤ የጉዳቱ መጠን ከመቶ 30 ነው ከተባለም 108,000 ብር ይሆናል። በወረቀት ላይ የሚናቅ ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ይህ ሁሉ የተመሠረተው «ደመወዝ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ተሸካሚው የሚከፈለው በኩንታል ነው፤ በመኸር ወራት ብዙ፣ በክረምት ጥቂት፤ ደረሰኝ የለ፣ መዝገብ የለ። ለግል ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝም ስለሌለ ዳኛው «ቢያንስ ይህን ያህል» ብሎ የሚነሣበት ወለል አያገኝም። ስለዚህ እንደ ሐሳባችን የዐዋጁ ትልቁ ጉድለት በካሣው መጠን ማነስ ላይ አይደለም፤ መለኪያውን የወር ደመወዝተኛ ብቻ በሚያውቀው ነገር ላይ ማድረጉ ነው።

ስለ ሸክሙም ጥቂት እንበል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ በእጁ የሚያጓጉዘው ክብደት ከ55 ኪሎ የሚበልጥ ከሆነ ወደዚያ ልክ እንዲወርድ አሳስቧል። የእኛ ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ የሚነሣውም በአንድ ሰው ጀርባ ነው። ጆንያ ሲናድ አደጋው ድንገተኛ ስለሆነ ዐዋጁ ያውቀዋል። በ10 ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ የጎበጠው ወገብ ግን የሥራ በሽታ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ በ10 ዓመት ውስጥ ለስንት ነጋዴ እንደ ተሸከመ ተሸካሚው ራሱ አይቆጥረውም።

ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው ዕቃና ምግብ አድራሽ ሞተረኞች ያሉበት ሁኔታ ከዚሁ የተለየ አይደለም። ሞተሩ የራሱ ወይም የተከራየው ነው፤ ክፍያው በየጉዞው ነው፤ ትእዛዙ በስልክ ይመጣል፤ ድርጅቱም «አጋር» ይለዋል። መኪና ቢገጨው ለሦስተኛ ወገን የተገባው የመኪናው መድን ይደርስለታል፤ ዝናብ ባጠበው አስፋልት ላይ ብቻውን ተንሸራቶ ቢወድቅ ግን በራሱ ሞተር ላይ ሦስተኛ ወገን አይደለም። ስፔን በ2021 እ.ኤ.አ. በእንዲህ ያለ ድርጅት ስር ዕቃ የሚያደርስ ሰው ሠራተኛ ነው ተብሎ እንዲገመት በሕግ ደንግጋለች። የእንግሊዝም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት በስልክ የሚጠሩ የታክሲ ነጂዎች በራሳቸው የሚሠሩ ነጋዴዎች አይደሉም ብሏል።

እኛ የምንመክረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሌላውን ሰው ዕቃ በሌላው ሰው ትእዛዝ በዋጋ የሚሸከም ወይም የሚያደርስ ሁሉ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ሠራተኛ ነው ተብሎ ይገመት፤ የማስረዳቱም ሸክም ወደ ዕቃው ባለቤት ይዙር። ሁለተኛውን ከሕንድ አገር እንወስዳለን። የማሃራሽትራ ክፍለ ሀገር በ1969 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ተሸካሚዎችና ነጋዴዎች በአንድ ቦርድ ይመዘገባሉ፤ ነጋዴው ከሸክሙ ዋጋ ላይ ተጨማሪ መዋጮ ለቦርዱ ይከፍላል፤ ተሸካሚው ለማን እንደ ተሸከመ ሳይጠየቅ ከቦርዱ ይጠቀማል። አሠሪው ማን ነው የሚለው ክርክር በዚህ መንገድ ዋጋ ያጣል።

እዚያው ቀራንዮ ያነጋገርናቸው አንድ ነጋዴ ይህን ሐሳብ ሰምተው «እህል ይወደዳላ!» አሉን። በኩንታል 2 ብር ቢዋጣ 100 ኩንታል ለጫነ መኪና 200 ብር እንደሚሆን ብናስረዳቸው ጥቂት አስበው፣ ብሩ አይከብደኝም፣ የሚከብደኝ ቦርዱ ነው አሉ። መልሳቸው ፍሬ እንዳለው አንክድም፤ ብዙ ተዋጥቶ ከባለጉዳዩ ሳይደርስ የቀረ ገንዘብ በሰፈሩ ትዝታ ውስጥ አለ። ስለዚህ ተሸካሚዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው ሰዎች በቦርዱ ካልተቀመጡበት ሐሳባችንን ለማንሣት ዝግጁ ነን።

ወጣቱን ጽሑፉን ከመጨረሳችን በፊት በድጋሚ አግኝተነዋል። በዚያው መጋዘን በር ላይ በዱካ ተቀምጦ የሚገባውን ጆንያ ይቆጥራል። ደመወዙ ስንት እንደሆነ ስንጠይቀው «እንደ ገበያው ነው» አለን፤ ወረቀት ተፈራርሞ እንደሆነም ብንጠይቀው ሣቀ።