እየቀረ ያለው ሰው፦ በትዝታ ግጥሞች ውስጥ ያልተፈጸመ ተስፋ

የትዝታ ዘፈን ያለፈ ዘመን ናፍቆት ነው የሚለው አባባል ከመለመዱ የተነሣ ማስረጃ የሚጠይቀው የለም። ግጥሞቹን ቀረብ ብሎ ለመረመረ ግን ያለፈው ጊዜ እምብዛም አይገኝባቸውም። ዘፋኙ የተገናኙበትን ቦታ፣ የተጣሉበትን ምክንያት፣ የተለያዩበትን ሰዓት አይነግረንም። በብዙ ዘፋኞች አንደበት የተመላለሰውን ዝነኛ መክፈቻ እንውሰድ። ተናጋሪው ወዳጁን ትዝታው አድርጎ ይሰይማል፤ አፍታም ሳይቆይ ከዚያ ሌላ ትዝታ እንደሌለው ይገልጻል፤ ወዲያው ወዳጁ ለመምጣት ቃል እየገባ ቃሉን አለመጠበቁን ይከስሳል። ክሱ ስለ መለየት አይደለም። ግሦቹም አንድ ጊዜ ሆኖ ያበቃ ነገር አያመለክቱም፤ ቃል መግባቱም መቅረቱም ዘፈኑ በሚዘፈንበት ሰዓት ገና አልተቋረጠም። ስለዚህ ትዝታን የተጓደለ ተስፋ ግጥም ብሎ ማንበብ ይበልጥ ያስኬዳል ባይ ነኝ፤ የሚያንገበግበው የተኖረው ሕይወት ሳይሆን ሊኖር ታስቦ የቀረው ነው።

የግጥሙ አሠራርም ይህንኑ ንባብ ያግዛል። ስንኞቹ በአብዛኛው በወል ቤት፣ ስድስት ስድስት ቀለም እየያዙ ይሄዳሉ፤ ሁለት ሁለቱ ቤት ከመቱ በኋላ ከሚከተሉት ጋር በታሪክ አይያያዙም። ዘፋኙ የፈለገውን ጥንድ ቢያስቀድም፣ የፈለገውን ቢያስከትል የሚፈርስ ነገር የለም። መነሻና መድረሻ ያለው ታሪክ ቢሆን ኖሮ አድማጩ ነገሩ እንዳለቀ ተረድቶ እርሙን ያወጣ ነበር። ትዝታ ግን ቤት ይደፋል እንጂ ነገር አይቋጭም። እያንዳንዱ ጥንድ እንደ አዲስ ይጠይቃል፤ ምላሽ በሚጠበቅበት ክፍተት ክራሩ ወይም ማሲንቆው ገብቶ ያንኑ ዜማ ይመልሳል። መጠበቅ የግጥሙ ርእስ ብቻ ሳይሆን ቅርጹም ሆኗል።

እነዚህ ስንኞች የጋራ ሀብት ናቸውና የማንንም እውነተኛ ናፍቆት አይናገሩም የሚል ይኖራል። የጋራ መሆናቸው እርግጥ ነው፤ ለእኔ ግን ይህ ማስረጃውን ያጠነክረዋል። ከቃል ወደ ቃል ሲተላለፍ ብዙ ስንኝ ይረሳል፤ ዘፋኝ ከዘፋኝ እየተቀባበለ ያቆየው የመቅረት ክስ መሆኑ የአድማጩን ምርጫ ያሳያል። ሐዘኑን የሚያመጣው ቅኝቱ ነው የሚለው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ የሙላቱ አስታጥቄ «ትዝታ» ያለ ቃል ልብ ይነካልና። ሆኖም በዚሁ ቅኝት የጭፈራ ዘፈኖችም ይዘፈናሉ፤ ጌታቸው ካሣም ትዝታን በዝግታና በፈጣን ምት ለየብቻ ተጫውቶታል። ዜማው ስሜቱን ያደርሳል፤ የሚናፈቀው ምን እንደሆነ የሚወስነው ግን ቃሉ ነው።

የሚያስቸግረው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በስደት የተዘፈነውና የተደመጠው ትዝታ ነው። በዋሽንግተን ለሚያደምጠው ሰው ናፍቆቱ በእርግጥም ኖሮበት ለተወው አገር ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ግን በግጥሙ ውስጥ የቦታ መለዋወጥ ይከሠታል። እመለሳለሁ ብሎ የወጣው፣ ዓመት በዓመት ላይ እየጨመረ የቀረው ራሱ አድማጩ ነው፤ የወዳጁን ቃል ማጠፍ የሚከስሰው ስንኝ እሱኑ ይከስሳል። የስደት ትዝታን የአገር ናፍቆት ብሎ የሚያልፍ ጥናት ይህን ክስ ሳይሰማው ይቀራል።