ጥሩ አረር በምን ይታወቃል?

ሐረር የጠመንጃን ታሪክ በቅርብ የምታውቅ ከተማ ናት። ከዘይላና ከታጁራ ወደ መሐል አገር የሚገባው መሣሪያ ከሐረር ገበያና ከሐረር ገንዘብ ጋር የተሳሰረ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እንኳ በ1879 ዓ.ም. ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ያስረከባቸውን አሮጌ ጠመንጃዎች ሒሳብ እንዲቀበል የተላከው ሐረር፣ ወደ ከተማዋ ገዢ ወደ መኮንን ዘንድ ነው። በዚያ ዘመን በአገራችን ስሙ የገነነው ውጅግራ የተባለው ጠመንጃ ነበር፤ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ። ጥይቱ በገበያ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ስለነበር የተተኮሰ ቀለህ በዋዛ አይጣልም፤ ተለቅሞ ዳግመኛ ባሩድና እርሳስ ይሞላበታል። በእጅ የተሞላ ጥይት የቱ ጥሩ፣ የቱ መጥፎ እንደሆነ መለየት ታዲያ ለእኛ አዲስ ጥያቄ አይደለም።

አንድ የቆየ ልማድ ግን ፍርዳችንን ያበላሽብናል። አንዲት ጥይት ዒላማው መሐል ካረፈች «ጥይቱ ጥሩ ነው» እንላለን። ያ የተኳሹ ምስጋና ነው፤ አንዳንዴም የዕድል። ጥይትን የሚያስመሰግነው የቀዳዳዎቹ መቀራረብ ነው። አሥር ጥይት ተተኩሶ አሥሩም ከመሐሉ አንድ ስንዝር ወደ ግራ ርቀው፣ እርስ በርስ ግን ተጠጋግተው ከሰፈሩ ጥይቱ ግሩም ነው፤ መስተካከል ያለበት ማነጣጠሪያው ነው።

ከመተኮስ በፊት እኔ የማየው የአረሩን ግርጌ ነው። ብዙ ሰው ጫፉን ያገላብጣል፤ ጫፉ ትንሽ ቢጎድፍ ግን ጉዳቱ ቀላል ነው። የግርጌው ጠርዝ ከተሸረፈ ወይም ሳይሞላ ከቀረ፣ አረሩ ከአፈሙዙ በሚወጣበት ቅጽበት የባሩዱ ግፊት በአንድ ወገን ቀድሞ ያመልጥና ያዘነብለዋል። ስለዚህ ግርጌውን ወደ ብርሃን አዙረው ዙሪያውን በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ ጠርዙ ስል፣ ሜዳው ለጥ ያለ መሆን አለበት። ገላው ከተጨማደደ እርሳሱ ወይም ቅርጽ ማውጫው በሚገባ አልጋለም ማለት ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢቀልጥም በዚያው ሙቀት ከፈሰሰ ጥርት ያለ ቅርጽ አይወጣውም። ቀጥሎ ሚዛን ላይ ያውጧቸው። ከአንድ ቅርጽ ከወጡት መካከል ቀለል ያለው ሆዱ ውስጥ ባዶ ቦታ ሊኖረው ስለሚችል ተመልሶ ይቅለጥ።

ልኩም ወሳኝ ነው። የእርሳስ አረር ከአፈሙዙ ስፋት በጥቂቱ መብለጥ አለበት። ካነሰ ትኩሱ ጋዝ በጎኑ ሾልኮ እርሳሱን ያቀልጠዋል፤ ከተኩስ በኋላ ባዶውን አፈሙዝ ሲያዩ ግራጫ ዝርግ ተለጥፎበት ያገኙታል።

ወደ ተኩሱ ፈተና ስንመጣ፣ የሚሞከረው የሽጉጥ ጥይት ከሆነ ሽጉጥ አፈሙዙ አጭር ነው፤ የእጅ መንቀጥቀጥ የጥይት ጥፋት መስሎ ይታያል። ስለዚህ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ፣ በ25 ሜትር፣ በአንድ ሽጉጥ ይተኮስ። የባሩዱን መጠን ሲቀይሩ አረሩን አይቀይሩ፤ አረሩን ሲቀይሩ ባሩዱን አይንኩ። ሦስት ቀዳዳ አይበቃም፤ ሦስት ጥይት በአጋጣሚም ይጠጋጋል። ርቃ የወጣችውን «እሷ አትቆጠርም» ብሎ መጣል ደግሞ ራስን ማታለል ነው፤ ቃታው ሲሳብ መሳሳቱን ተኳሹ ወረቀቱን ሳያይ ካልተናገረ በስተቀር ትቆጠራለች። ክብ መሆን ሲገባው ሞላላ የሆነ ቀዳዳ ካገኙ አረሩ በጎኑ እየተገለባበጠ ደርሷል፤ ያ ጥይት ሌላ ፈተና አያስፈልገውም፣ ወድቋል።

ይህ ሁሉ ፈቃድ ላለው ሰው ነው። በአገራችን የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዛል፤ በውጭ የምትኖሩም በየአገሩ ሕግ በተፈቀደ የተኩስ ክለብ ብቻ ሞክሩት። እርሳስ መርዝ ስለሆነ አየር በሚገባበት ይቅለጥ፣ እጅም ይታጠብ። ከአያት የተወረሰ ውጅግራ ደግሞ ለዓይን እንጂ ለሙከራ አይደለም።

ጥይቴ ጥሩ ነው የሚለኝ ሰው አሥር ቀዳዳ ያለበትን ወረቀት፣ አንድም ሳይሸፍን፣ ያሳየኝ፤ ያን ጊዜ አምነዋለሁ።