የጀልባ ሞተር ሲመረጥ ከባትሪው ይጀመራል

መርሳ ላይ ፓምፕ የሚጠራው በኢንች ነው። ገበሬው ሱቅ ገብቶ «ባለ ሦስት ኢንች አለህ ወይ?» ይላል እንጂ ስለ ፈረስ ጉልበቱ ብዙም አይጠይቅም፤ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን የሚያጠጣለት ከቱቦው አፍ የሚወጣው ውኃ ነው። እኔም የኖርኩት ከሀብሩ ወረዳ ገበሬ ጋር፣ ፓምፕ ስፈታና የተቃጠለ ሞተር ስጠቀልል ነው። የጀልባ ሞተር ወደ ሥራዬ የገባው ዘግይቶ ነው። ከመርሳ ወደ ደሴ ሲኬድ፣ ውርጌሳንና ውጫሌን አልፎ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ሎጎ ሐይቅ አለ። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ፣ በጀሪካን መቅዳቱም ከከበደ ወዲህ ከዚያ የሚመጡ ዓሣ አጥማጆች በባትሪ ስለሚሠራ የጀልባ ሞተር ይጠይቁኝ ጀመር።

የመጀመሪያው ጥያቄ ያው ነው፦ «ስንት ፈረስ ጉልበት አለው?» መልሱ ያስቃቸዋል። ደህና የሚባለው ባለ 12 ቮልት ሞተር ላይ «55 ፓውንድ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ የግፊት ልክ ነው፤ በኪሎ ሲሰላ 25 ገደማ ይሆናል። ሙሉ ሲከፈት 50 አምፔር ያህል ይስባል፤ በ12 ሲባዛ 600 ዋት ነው። አንድ ፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነውና አንዱን እንኳ አልሞላም። ማሳ ዳር የምናቆማት ትንሿ የቤንዚን ፓምፕ ግን 5.5 ወይም 6.5 ናት።

ታዲያ ይህ ነገር ጀልባ ይገፋል? ይገፋል፤ ጀልባው በዝግታ እስከሄደ ድረስ። አራት ሜትር የሚረዝም የእንጨት ጀልባ በሰዓት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ራሱ ያስነሳውን ማዕበል መውጣት ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ የሚጨመር ጉልበት ብዙው ውኃ ለማናወጥ ይውላል። ከዚያ በታችም ቢሆን ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ ስምንት እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ይጠይቃል። ይህ ሒሳብ ሲገለበጥ ለድሃ ያዳላል፤ ፍጥነቱን በግማሽ የቀነሰ ሰው ባትሪውን ብዙ ሰዓት ያቆያል። ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ማታ መረቡን ጥሎ ጠዋት የሚያነሳ ሰው ነው፤ የሚሽቀዳደመው የለም።

የግፊቱን ልክ ለመምረጥ የምጠቀምበት ሒሳብ ቀላል ነው፦ ጀልባው ከነሰዉ፣ ከነእርጥብ መረቡ፣ ከነዓሣውና ከነባትሪው ከሚመዝነው ሁለት በመቶ። ስድስት መቶ ኪሎ ከሆነ 12 ኪሎ ግፊት፣ ማለትም 27 ፓውንድ ገደማ ይበቃዋል። ግን ይህ ለጸጥተኛ ውኃ ነው። ሎጎ በየአቅጣጫው ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ፣ ጥልቀቱም ሰማንያ ሜትር የሚያልፍ ሐይቅ ነው፤ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ መጠጊያ የለም። ስለዚህ እጥፍ አድርጌ 55ቱን እመክራለሁ። ከዚያ በላይ ያሉት ሞተሮች አብዛኞቹ 24 ቮልት፣ ማለትም ሁለት ባትሪ ይፈልጋሉ፤ ለአንድና ለሁለት ሰው ጀልባ ትርፍ ሸክም ነው።

ከሞተር ዝርዝሩ ውስጥ አንዱን ብቻ ጠበቅ አድርጌ እጠይቃለሁ። ርካሾቹ ፍጥነት የሚቀንሱት ትርፉን ኃይል በመጠምጠሚያ ሽቦ ላይ በማቃጠል ነው፤ በእነሱ ቀስ ብሎ መሄድ የሚገባውን ያህል ባትሪ አያድንም። ሌሎቹ ግን ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እየቆራረጡ የሚሰጡ፣ ማርሽ የሌላቸው፣ እጀታቸው እንደ ሬዲዮ ድምፅ ቀስ በቀስ የሚጨምርና የሚቀንስ ናቸው። በዝግታ ለሚሠራ ሰው የዋጋው ልዩነት ይህን ብቻ ይግዛለት። ጀልባው አፍንጫ ላይ የሚታሰረውን፣ በሳተላይት ራሱን አንድ ቦታ የሚያቆመውን ዓይነት ተዉት። የባትሪ ጀልባ ሞተር መጀመሪያም ለእኛ ሥራ አልተሠራም፤ ታዋቂው ሚን ኮታ በ1934 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ሲጀመር የታሰበው በመንጠቆ ለሚያጠምድና ዓሣውን ሳያስደነግጥ መጠጋት ለሚፈልግ ሰው ነበር። እኛ በመረብ ነን።

አሁን ወደ ባትሪው ልምጣ፤ የሰው ገንዘብ ሲጠፋ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። «ጋሼ፣ የአይሱዙ ባትሪ አለኝ፤ አይሆንም እንዴ?» ይሉኛል። የመኪና ባትሪ የተሠራው ለጥቂት ሰኮንድ ከፍተኛ ጉልበት ሰጥቶ ወዲያው እንዲሞላ ነው፤ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ስስ ናቸው። በየቀኑ እስከ ታች ካወረዱት ብዙ ሳይቆይ ይሞታል። በጥልቀት ለመውረድ የተሠራው የእርሳስ ባትሪ ይሻላል፤ ግን ባለ 100 አምፔር ሰዓቱ ሠላሳ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል፣ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በታች ማውረድም አይመከርም፤ 50 አምፔር ሲጎተትበት ደግሞ የተጻፈበትን ያህል አይሰጥም። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው 12 ኪሎ ገደማ ነው፤ ያለውንም ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይሰጣል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ «ሊቲየም» የሚለው ቃል ከኤሌክትሪክ መኪናው ጋር መርሳም ደርሷል።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር እየተጓዙ 20 አምፔር ቢስብ፣ ስድስት ኪሎ ሜትሩን አቋርጦ ለመመለስ ሦስት ሰዓት፣ 60 አምፔር ሰዓት ይፈጃል። ከመቶው 40 ይተርፋል። ያ አርባ የነፋስ ነው፤ መረብ ለመጣል ራቅ ብለው የሚሄዱበት አይደለም።

ሊቲየም አንድ ክፉ ጠባይ አለው። የእርሳስ ባትሪ እየደከመ ይናገራል፤ ሞተሩ ይዝላል፣ ሰውየው ይመለሳል። ሊቲየሙ ግን እስከ መጨረሻው ብርቱ ሆኖ ቆይቶ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ በድንገት ይቆርጠዋል። ቮልት መለኪያም ብዙ አያስጠነቅቅም፤ የወጣውን አምፔር የሚቆጥረው ዓይነት ያስፈልጋል። መቆጣጠሪያው ራሱ ከ50 አምፔር በላይ የሚችል ይሁን፤ እኔ ባለ 100 ካልሆነ አልገጥምም። ከፈረሰ መኪና የወጣ ሴል ያለ መቆጣጠሪያ አሳስሮ የሚመጣውን ሰው እመልሰዋለሁ፤ ቅር ቢለውም።

ሽቦውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። የቤት መብራት የሚዘረጋበትን 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከባትሪው ሦስት ሜትር ቢወስዱት፣ በ50 አምፔር ጊዜ ሁለት ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ይህ 100 ዋት ሙቀት ነው። ሽፋኑ ይለሰልሳል፣ ተርሚናሉ ይጠቁራል፣ ባለቤቱም ሞተሩ ደካማ ነው ብሎ ያማል። በ16 ካሬ ሽቦ የሚጠፋው አንድ ሦስተኛ ቮልት ብቻ ነው። ከባትሪው አጠገብ ባለ 60 አምፔር ፊውዝ ይግባ።

ሌላው የእኛ ጉዳይ መረቡ ነው። ፓምፕ ሲበላሽ መጀመሪያ የማየው ውኃ የሚያግደውን ሲል ነው፤ የጀልባ ሞተርም የሚሞተው በዚያው በኩል ነው። የፕሮፔለሩን ብሎን ፈትቼ ሳወጣው፣ ከኋላው ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የናይለን ክር ጠጥሮ፣ ቀለበት ሠርቶ አገኛለሁ። ክሩ የጎማውን ሲል ከንፈር ይበላዋል፤ ውኃ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል፤ ሞተሩ ሲከፈት የካርቦን ብናኝ የቀላቀለ ጥቁር ውኃ ይፈሳል። ያኔ መጠቅለልም አያድነውም። መድኃኒቱ ፕሮፔለሩን በየሳምንቱ አውልቆ ክሩን ማንሳትና መረብ ሲነሳ ሞተሩን ከውኃ ማውጣት ነው። ትርፍ ሲልና የፕሮፔለር ፒን ከሞተሩ ጋር አብሮ ይገዛ፤ ወልዲያም ደሴም ሄዶ ልኩን ማግኘት ቀላል አይደለም።

«ቤንዚኑ አይሻልም?» ለሚለኝ፣ ለረጅም መንገድና ለብዙ ሰው ይሻላል፤ ጣና ላይ ብሆን ሌላ እመክር ነበር። እዚህ ግን ሁለት ነገር አለ። ሎጎ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል፣ የኤሌክትሪኩ ምንም አይጎድልበትም። ሁለተኛ፣ ሐይቁ ከአርዲቦ በኩል ወንዝ ይገባበታል እንጂ በወንዝ የሚወጣበት የለም። የፈሰሰ ዘይት ከዚያው ይቀራል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በ1978 እ.ኤ.አ. ነው ወደ ሐይቁ የገባው፤ ከሐይቁ እስጢፋኖስ ገዳም ዕድሜ ጋር ሲተያይ ይህ የዓሣ እንጀራ ገና ልጅ ነው፣ ቢጠነቀቁለት ይገባል። የባትሪው ቻርጅም በመብራት ኃይል ብቻ አይታሰብ፤ 300 ዋት ሶላር ደህና ፀሐይ በዋለበት ቀን ባለ 100ውን ባትሪ ይሞላል።

እንግዲህ ሞተር ፈልጋችሁ ስትመጡ አራት ነገር ለክታችሁ ኑ፦ የጀልባውን ክብደት ከነጭነቱ፣ ከኋላው ሳንቃ ጫፍ እስከ ውኃው ያለውን ከፍታ (የዘንጉ ርዝመት የሚመረጠው በእሱ ነው፤ አጭር ከሆነ ማዕበል ሲመጣ ፕሮፔለሩ አየር ይቀዝፋል)፣ ራቅ ያለውን የመረብ ቦታ፣ ባትሪው የሚሞላበትን ቤት። ገንዘባችሁም ለሁለቱ ካልበቃ ባትሪውን አስቀድሙ፤ ሞተሩ እስኪገዛ ድረስ ቤት ያበራላችኋል።