ደራሲ በገዛ ሥራው አለመርካቱ፦ በበዓሉ ግርማ ሁለት መጻሕፍት ላይ የቀረበ አጭር ሒስ

ጥበበኛ ሰው በሠራው ሥራ አለመርካቱ በእኛ አገር እንደ ትሕትና ይቆጠራል። የጥንት የብራና ጸሐፊዎች በመጽሐፉ መጨረሻ ስለ ስሕተታቸው ይቅርታ ይለምኑ እንደ ነበረ፣ የዛሬውም ደራሲ በመቅድሙ ጉድለቱን አስቀድሞ መናዘዙን አልተወም። ይኸ መልካም ጠባይ ነው፤ ነገር ግን አለመርካትና ጨዋነት ተለይተው መታየት አለባቸው ብለን እናምናለን። ጨዋነት በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ አለመርካት ግን ድካም ይጠይቃል።

በዚህ በሐዋሳ ግጥምና ልብ ወለድ የሚሞክሩ ጓደኞቻችን ጥቂቶች አይደሉም። ብዙዎቹ የጻፉትን ለሰው ሳያሳዩ በደብተር ውስጥ ያስቀሩታል፤ አንዳንዶቹም ቀደው ይጥሉታል። ምክንያቱን ሲጠየቁ «አልረካሁበትም» ይላሉ። ለዚህ ከውጭው ዓለም ትልልቅ ስሞችን መጥራት አያዳግትም። ሮማዊው ባለቅኔ ቪርጂል ሊሞት ሲል «ኤኔይድ» የተባለው ድርሰቱ እንዲቃጠል ፈልጎ እንደ ነበረ ይነገራል። ሩሲያዊው ጎጎልም የ«ሙታን ነፍሳት»ን ሁለተኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1852 በእሳት አቃጥሏል። ይሁን እንጂ ሁለቱም እሳትን ያሰቡት ለዓመታት ከደከሙ በኋላ መሆኑ መረሳት አይገባውም። የእኛ ጓደኛ የሚቀደው ገና ያልደከመበትን ነው።

በቅኔ ቤት ሥርዐት ባለቅኔው አንድ ጊዜ የተቀኘውን ቅኔ ደግሞ አያቀርበውም፤ ባልረካበት ጊዜ ያለው መንገድ ሌላ አዲስ መቀኘት ነው። የልብ ወለድ ደራሲ ግን የተለየ ዕድል አለው፤ ያንኑ መጽሐፍ መልሶ ሊጽፈው ይችላል። ታትሞ በአንባቢ እጅ የገባን መጽሐፍ እንደ ገና ለመጻፍ የተቀመጠ ደራሲ ግን በእኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። በዓሉ ግርማን ለምሳሌ የመረጥነው ስለዚህ ነው።

በዓሉ ጉዳዩን በገጸ ባሕርያቱም አይቶታል። በ1962 ዓ.ም. የታተመው «ከአድማስ ባሻገር» ዋና ገጸ ባሕርይ አበራ ወርቁ የመሥሪያ ቤት ሰው ነው፤ ልቡ ግን ወደ ኪነ ጥበብ ስለሚያደላ በኑሮውና በምኞቱ መካከል ይዋልላል። በ1972 ዓ.ም. የወጣው «ደራሲው» ደግሞ ሲራክ የተባለውን ጸሐፊ ከነጭንቀቱ ያሳየናል። በሁለቱም ውስጥ አለመርካት እንደ ሕመም ይታያል። መድኃኒቱን የምናገኘው ግን ደራሲው በገዛ ሥራው ላይ ካደረገው ነው። በ1966 ዓ.ም. «የህሊና ደወል»ን አሳትሞ ነበር፤ ያንኑ ድርሰት አሻሽሎና መልሶ ጽፎ በ1975 ዓ.ም. «ሐዲስ» በሚል ርእስ አወጣው። በመካከሉ ሌሎች መጻሕፍት ስላሳተመ የሚጽፈው አጥቶ ወደ ኋላ ተመለሰ ልንል አንችልም። ስሙ በታወቀ ጊዜ የቀድሞ ሥራውን ከመደርደሪያ አውርዶ «ይኸ አልበቃም» ለማለት ደፈረ።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል የዘውዱ መንግሥት ወድቋል፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ታውጇል። ስለዚህ መጽሐፉን መልሶ ያስጻፈው የዘመኑ መለወጥ ነው እንጂ የጥበብ ጥያቄ አይደለም የሚል ሰው አይጠፋም። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ የታደሰ መጽሐፍ ሁሉ የተሻለ መጽሐፍ አለመሆኑም እውነት ነው። ሆኖም ለዘመኑ ብቻ የሚጽፍ ሰው አሮጌውን ትቶ ሌላ አዲስ መጽሐፍ ቢጽፍ ይቀለው ነበር። ፍርዱ የሚገኘው የደራሲው ብዕር የት የት እንዳረፈ በመመርመር ነው። የተለወጠው ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩት አስተያየት ብቻ ከሆነ ዘመኑ አሸንፏል እንላለን፤ የሰዎቹ ጠባይ፣ የትዕይንቱ አደረጃጀትና የቋንቋው አጣጣል ከተለወጠ ግን የጥበበኛው አለመርካት ሠርቷል። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጦ ገጽ በገጽ ማስተያየት ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ጥናት ነው፤ ከእኛ ተማሪዎች አንዱ እንዲይዘው እናሳስባለን።

ይኸው የ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ም የታተመበት ዓመት ነው። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። «የህሊና ደወል» ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ሁለተኛ እንደ ተጻፈ፣ «ኦሮማይ»ም ቆይቶ በደራሲው ዓይን እንደ ገና ሊታይ ይችል ነበር። ያን ጊዜ ምን ይሰረዝ፣ ምን ይጨመር እንደ ነበረ አናውቅም። ደራሲን ያጠፋ ሰው የጻፈውን ብቻ ሳይሆን በጻፈው ሳይረካ ሊያሻሽለው የነበረውን ጭምር ማጥፋቱ ከዚህ ይታያል።

እንግዲህ «አልረካሁበትም» የሚል ጓደኛችን የበዓሉ ዕጣ ያልፈቀደለትን ጊዜ በእጁ ይዟል። ደብተሩን አይቅደደው፤ አይደብቀውም። ለሚያነብለት ሰው ያሳየው፤ ጉድለቱንም ተቀብሎ ለሁለተኛ ጊዜ ይጻፈው። መምህራኖቻችንም የመጀመሪያውን ጽሑፍ በነጥብ ብቻ ዘግተው ከመመለስ ይልቅ ሁለተኛውን ቢጠይቁን ሥነ ጽሑፋችን ይጠቀማል እንላለን።