አረንጓዴው እውነት እንዲናገር

ሞዴል ባቡር ለማየት የሚመጣ እንግዳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሎኮሞቲቩ ላይ ነው። የእኔ ዓይን ግን ከሐዲዱ ዳር ወደተተከለው ቀጭን ምሰሶና አናቱ ላይ ወዳሉት መብራቶች ይሄዳል። ሲግናል ቃል ይሰጣል። አረንጓዴው ሲበራ «ከፊትህ ያለው መንገድ ነጻ ነው፤ የሐዲድ መቀየሪያውም በትክክል ገጥሟል» ማለቱ ነው። ስለዚህ አንድ ሲግናል ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ መንገዱ ነጻ መሆኑን ለዚህ መብራት ማን ነገረው? እኔ ቁልፍ ስለተጫንኩ ብቻ የሚበራ ከሆነ የሚያሳየው የእኔን ፍላጎት ነው። ሐዲዱ ራሱ ካረጋገጠለት በኋላ የሚበራ ከሆነ ግን የሚያሳየው እውነቱን ነው። የሲግናል ሥራ ጥበቡ በፍላጎትና በእውነት መካከል ያለውን ክፍተት መዝጋት ነው ብዬ አምናለሁ።

የምሠራው ጀርመን አገር ነው፤ ባቡሮቼም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሱ ናቸው። በጀርመን ዋና ዋና መስመሮች አሽከርካሪውን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀው ሲግናል ከዋናው ሲግናል አብዛኛውን ጊዜ 1000 ሜትር ቀድሞ ይቆማል። ይህ በእኛ ልኬት 11 ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፤ ከብዙ ሰው ሳሎን ይረዝማል። ስለዚህ ርቀቱን ማሳጠር ግድ ነው። ትርጉሙን ማሳጠር ግን ግድ አይደለም።

የባቡር ሰዎች ይህን ትርጉም የተማሩት በሰው ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1876 በእንግሊዝ፣ አቦትስ ሪፕተን በተባለ ቦታ፣ በከባድ የበረዶ ውሽንፍር ውስጥ የሲግናሉ ክንድ በረዶ ይዞት «እለፍ» እንዳለ ቀረ። ሠራተኛው ማንሻውን ወደ «ቁም» መልሶታል፤ ክንዱ ግን አልተከተለም። ፈጣኑ ባቡር ከመንገዱ ገለል በማለት ላይ ከነበረ የድንጋይ ከሰል ባቡር ጋር ተጋጨ፤ ከተቃራኒ አቅጣጫ የመጣ ሌላ ፈጣን ባቡር ደግሞ ከስብርባሪው ጋር ተላተመ። ትእዛዙ ትክክል ነበር። የጎደለው ትእዛዙ መፈጸሙን የሚነግር ነገር ነው።

ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1872፣ ዊልያም ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ መልሱን በባለቤትነት አስመዝግቦ ነበር። ሁለቱ ሐዲዶች ደካማ ኤሌክትሪክ ይተላለፍባቸዋል፤ ያ ኤሌክትሪክ በወዲያኛው ጫፍ ያለውን ሪሌይ የተባለ ማብሪያ ስቦ ይይዛል። ባቡር ሲገባ ጎማዎቹና አክስሉ ሁለቱን ሐዲድ ያገናኛሉ፤ ኤሌክትሪኩ አቋርጦ ይመለሳል፤ ሪሌዩ ይለቃል፤ ሲግናሉ ቀይ ይሆናል። ሐዲዱ ቢሰበር፣ ሽቦው ቢበጠስ፣ ባትሪው ቢያልቅም ውጤቱ ያው ቀይ ነው። «ነጻ ነው» ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ «ቁም» ለማለት ግን ምንም ማስረጃ አያስፈልግም። ሞዴል ስሠራ የምከተለው ሕግ ይህ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ብርሃኑን ከምትሰጠው ከአንዲት ኤልኢዲ ልጀምር። ቀይ ኤልኢዲ ራሷ የምትፈልገው 2 ቮልት ያህል ነው። ምንጩ 16 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ከሆነ የቀረውን 14 ቮልት ሬዚስተር ይሸከማል። 5 ሚሊ አምፔር እንዲያልፍ ከፈለግን 14ን ለ0.005 ማካፈል ነው፤ 2800 ኦም ይሆናል፤ ገበያ ላይ የሚገኘው ቅርቡ 2.7 ኪሎ ኦም ነው። ብዙ ኤልኢዲዎች እስከ 20 ሚሊ አምፔር ቢችሉም እዚያ ድረስ አልሄድም። በዚህ ልኬት በጣም የደመቀ ሲግናል የመኪና የፊት መብራት ይመስላል፤ ክፍሉ ሲጨልምማ ጎረቤቱን ሁሉ ያቀላል። ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱን ሬዚስተር እሰጣለሁ፤ አረንጓዴውና ቀዩ በእኩል ኤሌክትሪክ እኩል አይደምቁምና። ኤልኢዲ በተገላቢጦሽ የሚመጣ ቮልቴጅ እምብዛም አትችልም፤ አብዛኛውን ጊዜ 5 ቮልት ያህል ነው ገደቧ። ሐዲድ ላይ ያለው ዲጂታል ኤሌክትሪክ ደግሞ አቅጣጫውን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይቀያይራል፤ ስለዚህ ያለ መከላከያ ዳዮድ ከሐዲድ በቀጥታ አላገናኛትም።

አሁን ብዙዎቻችን የምንጠቀምበትን ዲሲሲ የተባለ የዲጂታል ሥርዓት የቀመረው ሌንዝ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው፤ የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ማኅበር በ1990ዎቹ የጋራ ደረጃ አደረገው። ኃይልና መልእክት በአንድ ሐዲድ አብረው ይጓዛሉ። የ«1» ምልክት እያንዳንዱ ግማሽ 58 ማይክሮ ሰከንድ ይቆያል፤ የ«0» ግማሽ ደግሞ 100 ወይም ከዚያ በላይ። መልእክቱን የሚፈታው ዲኮደር ይህን የጊዜ ልዩነት አንብቦ የራሱ አድራሻ ሲጠራ ይታዘዛል። መሠረታዊው ትእዛዝ የተነደፈው ሁለት አቋም ብቻ ላለው የሐዲድ መቀየሪያ ነው፤ ቀጥ ወይም ታጠፍ። ሲግናል ግን ከሁለት በላይ ቃል አለው። በነባሩ የጀርመን ሥርዓት ቀይ «ቁም»፣ አረንጓዴ «እለፍ»፣ አረንጓዴና ቢጫ በአንድነት «በቀስታ እለፍ» ነው፤ ቀስታውም ሌላ ካልተጠቀሰ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ ለአንድ ሲግናል ሁለትና ከዚያ በላይ አድራሻ እናጣምራለን። አለበለዚያ የሚታየውን ገጽታ በቁጥር በቀጥታ የሚልከውን የተስፋፋውን ትእዛዝ የሚረዳ ዲኮደር እንመርጣለን። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሁለት አድራሻ ሲጣመር አንዱ ትእዛዝ ደርሶ ሌላው ሳይደርስ የሚፈጠር ሐሰተኛ ገጽታ አለና።

ያ ቢጫ መብራት ሥራውን ሁሉ ያስተምራል። የሚበራው ከፊት ያለው መቀየሪያ ባቡሩን ወደ ጎን ሐዲድ የሚወስድ ሲሆን ነው። ስለዚህ ቢጫውን የሚያበራው የእኔ ጣት ሳይሆን የመቀየሪያው አቋም መሆን አለበት። እዚህ ላይ ነው ዲጂታሉ ሥርዓት ክፍተቱን የሚያሳየው፤ መሠረታዊው ትእዛዝ ይሄዳል እንጂ መልስ ይዞ አይመለስም። ትእዛዝ የሚልከው ማዕከል «ታጠፍ» ይላል፤ ማያው ላይ መቀየሪያው ታጥፎ ይታያል፤ ታች ግን በምላሱና በሐዲዱ መካከል ጠጠር ገብቶ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። የአቦትስ ሪፕተን ማንሻና ክንድ ማለት ይህ ነው። መፍትሔው የመቀየሪያው ሞተር ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚዘጋ ትንሽ ኮንታክት ነው። ያ ኮንታክት መልሱን የሚያመጣ መስመር አለው፤ በብዙ የጀርመን ቤቶች ኤስ 88 የተባለው ነው። ቅደም ተከተሉም የማይለወጥ ነው፤ መጀመሪያ ሲግናሉ ቀይ ይሆናል፤ ከዚያ መቀየሪያው ይታዘዛል፤ «ደርሻለሁ» የሚለው መልስ ይጠበቃል፤ አረንጓዴ የሚመጣው መልሱ ሲመጣ ብቻ ነው። መልስ ካልመጣ ቀዩ ይቆያል።

ሐዲዱ ነጻ መሆኑን ማወቅ ከዚህ ይከብዳል። በሞዴል ባቡር የተለመደው መንገድ ሐዲዱን በክፍል በክፍል ከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል የሚወስደውን ኤሌክትሪክ መለካት ነው። ሎኮሞቲቭ ካለ ኤሌክትሪክ ይሳባል፤ ምንም ካልተሳበ «ነጻ» ይባላል። የመጀመሪያው ችግር ፉርጎው ነው። ከባቡሩ ተገንጥሎ የቀረ ፉርጎ ምንም ስለማይስብ ለመለኪያው አይታይም፤ ስለዚህ በአክስሎቹ ላይ 10 ኪሎ ኦም ያህል ሬዚስተር እናስራለን። ሁለተኛው ችግር ከዚህ የጠለቀ ነው። የሮቢንሰን ዘዴ ሽቦው ሲበጠስ «ተይዟል» ይላል፤ የእኛ መለኪያ ግን ሽቦው ሲበጠስ «ነጻ ነው» ይላል። ሕጉ ተገልብጧል ማለት ነው። ይህን የምናቀናው ባቡሮቹን በሚቆጣጠረው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። አንድ ክፍል ባዶ ስለመሰለ ብቻ አይለቀቅም፤ ባቡሩ ቀጣዩ ክፍል መድረሱን ማስታወቅ አለበት። መውጣትና መድረስ ሁለቱም ካልተመሰከሩ ከኋላ ያለው ሲግናል ቀይ እንደሆነ ይቆያል። በነጻ የሚገኘው ጄኤምአርአይም ሆነ ሌሎች የባቡር ፕሮግራሞች እንዲህ ያለ ሁኔታ እንድንጽፍላቸው ይፈቅዳሉ።

ባቡሩስ ቀዩን ይሰማል? በድሮው አናሎግ ከሲግናሉ በፊት ያለው ሐዲድ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ባቡሩ ይቆም ነበር። በዲጂታል እንዲህ ካደረግን ሎኮሞቲቩ በድንገት ቀጥ ይላል፤ መብራቱም ድምፁም ይጠፋል። ሌንዝ ያመጣው ኤቢሲ የተባለ ዘዴ በጥቂት ዳዮዶች የሐዲዱን ቮልቴጅ በአንድ ወገን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፤ ሎኮሞቲቩ ልዩነቱን አንብቦ ቀስ እያለ ሲግናሉ ሥር ይቆማል። ዘዴው የትኛውም ይሁን፣ መብራቱና ፍሬኑ ትእዛዝ የሚቀበሉት ከአንድ ምንጭ መሆን አለበት። ለየብቻ ከታዘዙ አንድ ቀን መብራቱ ቀይ ሆኖ ባቡሩ ያልፋል።

የሲግናልና የመቀየሪያ ዲኮደሮችን ኃይል ከሐዲዱ ኃይል እለያለሁ። ሎኮሞቲቭ በስህተት የተቀመጠ መቀየሪያ ላይ ወጥቶ ሾርት ሲያደርግ የሐዲዱ ኃይል ይቋረጣል፤ ዲኮደሮቹም ከዚያው የሚመገቡ ከሆነ መቀየሪያውን መልሶ ሾርቱን ማጥፋት አይቻልም። ከጠረጴዛው ሥር ያለውን እያንዳንዱን ሽቦ በሁለቱም ጫፉ ቁጥር እጽፍበታለሁ፤ ከዓመታት በኋላ ሥር የሚገባው ሰው እኔም ልሁን ሌላ፣ ሽቦው የት እንደሚሄድ መገመት የለበትም። ሥርዓቱ ሲከፈትም ሁሉም ሲግናል በቀይ ይጀምራል፤ ገና ማንም ምንም አልመሰከረምና።

ለሚጀምር ሰው የምመክረው አንድ ሲግናል፣ አንድ መቀየሪያና ተከታታይ የሐዲድ ክፍሎች ነው። ባቡሩን እያሄደ ከመቀየሪያውና ከክፍሎቹ ምስክርነት የሚያመጡትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ይንቀልና ሲግናሉ ምን እንደሚል ይመልከት። መብራቱ ራሱ ቢጠፋ አያሳስበውም፤ በጀርመን ደንብ የጠፋ ዋና ሲግናልም «ቁም» ነው። አንዱ ሽቦ ተነቅሎ አረንጓዴ የሚበራ ከሆነ ግን ሥራው አላለቀም። የትኛውም ሲነቀል አረንጓዴ እንቢ ካለ፣ ሁለተኛውን ሲግናል ለመትከል ጊዜው ደርሷል።